በእኛ ነው በፈረንጅ?

ጌጃ ሰፈር ውስጥ ቀን በቁጥር አይጠራም። ‹‹ዛሬ ስንት ነው?›› ብላችሁ አንዲት እናት ብትጠይቁ ‹‹ሚካኤል አይደለም እንዴ!›› ይሏችኋል፤ 12 መሆኑን ማወቅ የእናንተ ፋንታ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ማንንም መጠየቅ አያሻም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ልደታ የሚያቀናው ሰው ብዛት ይናገራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ፀሐይ ስትወጣ 12 ብለን እንጀምራለን፤ ስትጠልቅም 12 ብለን እንደገና። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይዋ በጋ ከክረምት ብዙም አታጭበረብረንም። ይህ ሁሉ ተስማምቶን የኖረ ነው። ጣጣው የሚመጣው ባሕር ማዶ ያለ ሰው በሩን ከፍቶ ‹‹እስከዚህ ሰዓት ድረስ ግቡ›› ያለን ጊዜ ነው።

በዚያ ሰፈር ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን የያዘች ጠባብ ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ዓመቱን ሙሉ እንጀራችን ልደታ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ባለ ጉዳይ የሚያስጽፈው አቤቱታ ነው። መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ሲገባ ግን አቤቱታው ሁሉ ወደ ጎን ይልና ዲቪ ይሆን ነበር። እናት ልጇን፣ ባል ሚስቱን፣ ደላላ ደንበኛውን እየጎተተ ይመጣ ነበር። የሰው ተስፋ በጣቶቼ ሥር ሲያልፍ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ፊደል መሳሳት። ሰዓት እሳሳታለሁ ብዬ ከቶ አስቤ አላውቅም።

የ2015 ዓ.ም. ምዝገባ የተከፈተው መስከረም 25 ነበር፤ የሚዘጋው ጥቅምት 29። የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዋሽንግተን እኩለ ቀን ላይ ነው። የመክፈቻው ዕለት ሒሳቡን ሠራሁ። እነሱ ዘንድ እኩለ ቀን ሲሆን እኛ ዘንድ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ እንዳልኩትም ልክ በ1 ሰዓት ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ምን ጥርጥር አለ? ካርቶን ቆርጬ በወፍራም እስክሪብቶ ‹‹ዲቪ የሚዘጋው ጥቅምት 29 ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በእኛ›› ብዬ ጻፍኩና በሩ ላይ ለጠፍኩት። ‹‹በእኛ›› ከምትለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ‹‹በእኛ ነው በፈረንጅ?›› የሚለው ጥያቄ አሰልችቶኝ ነበርና።

ጥቅምት 29 ደረሰ፤ ባለ እግዚአብሔር። ከኮምፒውተሮቹ አንዱ ከሳምንት በፊት ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ጥግ ይዟል። በቀረው በአንዱ ስንሠራ 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ጨልሟል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች እንደ ምንም ላብ በላብ ሆነን ጨረስንና ልክ ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መብራቱ እንደገና ድርግም አለ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በርቶ በሩን ልገጥም ስል አንድ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ሰው መጣ። ካርቶኑን አሳየሁት። አንብቦ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ ‹‹እንግዲህ እግዜር ያውቃል›› ብሎ ወደ ጨለማው ተመለሰ። እሱ እግሩን ሳያነሳ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

‹‹አንድ ደቂቃ እንኳ የለችም ወንድሜ?›› አሉኝ።

‹‹እትዬ፣ ፈረንጅ ለአንድ ደቂቃም አያዝን›› አልኳቸው። ይህችን አባባሌን እስከ ዛሬ አልወዳትም።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ነገር መጎርጎር ይወዳል። ‹‹ጋሼ፣ ሲዘጋ ገጹ ላይ ምን ብለው እንደሚጽፉ ልይ›› አለና ኮምፒውተሩን አስነሣው። ገጹ ግን አልከፈት አለ። ‹‹ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል›› የሚል ማስጠንቀቂያ ነው የመጣው። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዝለት እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች፤ የእኛዋ ከሞተች ሰንብታለች። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ ሲነቃ ራሱን በፈረንጆቹ 2009 መጀመሪያ ላይ ያገኘዋል። ጥንቃቄ የሚያደርጉ ድረ ገጾች ደግሞ እንደ መታወቂያ ያለ ምስክር ወረቀት ያሳያሉ፤ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት። 2009 ላይ ነኝ ብሎ የሚያምን ማሽን በ2022 የተሰጠ መታወቂያ ሲያይ ‹‹ይህ ገና ያልመጣ ቀን ነው›› ብሎ በሩን ይዘጋል። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እዘጋለሁ።

‹‹በል ሰዓቱን ከኢንተርኔት አስተካክለው›› አልኩት። ሞከረ። ዊንዶውስ ለዚህ የራሱ አሠራር አለው፤ የማይክሮሶፍትን ሰዓት ጠያቂ ነው። ነገር ግን ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ሆኖ ሲያገኘው ‹‹ይህን ያህልማ አልሳሳትም›› የሚል ይመስል ማስተካከሉን ይተወዋል። እኛ የተሳሳትነው በ13 ዓመት ነው። የየስልኮቻችንን ሰዓት አየን። የእኔ በእጅ የተሞላ ነው፤ በሀበሻ ሰዓት ስለማደርገው 1:10 ይላል፤ ከሥሩ የተጻፈው ቀን ግን የማንም አይደለም። የልጁ 7:12 ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜም አምስት ደቂቃ ይቀድማል፤ አስበንበት ነው።

ልጁ ትዕግሥቱ አለቀና ጥቁሩን መስኮት ከፈተ። ያንን ሥዕል የሌለበትን፣ ትእዛዝ በፊደል የሚጻፍበትን። ከርል፣ ሰረዝ፣ ትልቁ አይ፤ ከዚያ የአንድ የታወቀ ድረ ገጽ አድራሻ፣ መጀመሪያው ላይ ኤችቲቲፒ ብቻ፣ ያለ ኤስ። መታወቂያ የማይጠየቅበት የጓሮ በር ማለት ነው። ትእዛዙ ‹‹ደብዳቤውን አልፈልግም፤ ፖስታውን ብቻ አሳየኝ›› እንደ ማለት ነው። የወዲያኛው ማሽን ‹‹በዚህ በር አይገባም፤ በዚያኛው ሂድ›› ብሎ መለሰ። ፖስታው ላይ ግን እንደ ደንቡ የላከበትን ቀንና ሰዓት አትሞበታል፤ ማክሰኞ፣ 8 ኖቬምበር 2022፣ 16:12:40፣ ጂ.ኤም.ቲ.።

ልጅ ሳለን ሰዓት ያሰረ ሰው መንገድ ላይ ስናይ ‹‹ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው?›› እያልን እንሮጥ ነበር። ማሽኖቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ዴቪድ ሚልስ የሚባሉ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ሰው በ1985 እ.ኤ.አ. ግድም ለዚህ መጠያየቅ ሥርዓት አበጁለት፤ አንዱ ማሽን ሌላውን፣ ያኛው የበላዩን እየጠየቀ፣ ጥያቄው መንገድ ላይ የፈጀው ጊዜ ሁሉ እየተቀነሰ፣ መጨረሻው የአቶም ሰዓት ዘንድ ይደርሳል። ሰውዬው ያረፉት በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። የሚገርመው፣ መልሱ የማንንም አገር ሰዓት አይናገርም። ጂ.ኤም.ቲ. ብሎ ያቆማል፤ የቀረውን ራስህ ደምር፣ ራስህ ቀንስ ነው። የዩኒክስ ቤተሰብ የሚባሉት ኮምፒውተሮችማ ቀንም የላቸውም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ ብቻ ይቆጥራሉ። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ ገና ሊሆን ስድስት ቀን ሲቀረው።

ልጁ ‹‹ሦስት ልደምር?›› ይላል ሰዓቱን ሊሞላ። (በዊንዶውስ የሰዓት ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የለችም፤ ናይሮቢ የምትለዋን ነው የምንመርጠው።) እኔ ግን ለዋሽንግተን አራት እየቀነስኩ ነበር። 12:12። ‹‹ተዘግቷል፤ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ አልፎታል›› አልኩ፣ ልክ በመሆኔ ደስ እያለኝ ጭምር።

‹‹ጋሼ›› አለ ልጁ፣ ያተምነውን መመሪያ ከመሳቢያ አውጥቶ፤ ‹‹መክፈቻው ላይ ሲቀነስ አራት ይላል፤ መዝጊያው ላይ ግን ሲቀነስ አምስት ነው የሚለው።››

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ከአንድ ወር በላይ መሳቢያዬ ውስጥ የኖረ ወረቀት ነው። አሜሪካኖች የበጋ ሰዓታቸውን በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ያን ዓመት ጥቅምት 27 ላይ ዋለ። የእኛ ሰዓት አልተነቃነቀም፣ የነሱ እኩለ ቀን ግን በአንድ ሰዓት ከእኛ ራቀ። እዚያ ገና 11:12 ነው። በሩ የሚዘጋው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በእኛ። 48 ደቂቃ ይቀራል።

ልጁን ‹‹አንተ ወደ ልደታ ሂድ፤ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ነው!›› ብዬ እኔ ወደ ዋናው መንገድ ሮጥኩ። በዚያ ዕድሜዬ መሮጤን ያየ ሱቅ ጠባቂ ሌባ የተከተልኩ መስሎት አብሮኝ ጥቂት ሮጧል። እናትና ልጅ ታክሲ ሲጠብቁ ደረስኩባቸው። እስትንፋሴ ተቆራርጦ ‹‹አልተዘጋም፤ ተሳስቼ ነው›› ስላቸው ሴትዮዋ መጀመሪያ ያሉት ‹‹ውኃ ስጡት›› ነው።

ስንመለስ ሰዓቱ ተስተካክሏል፤ ልጁ ቀድሞኝ ገብቷል፤ ብቻውን። ‹‹አጣሁት›› አለኝ። ግድግዳችን አረንጓዴ ስለሆነ ከጎረቤት ነጭ አንሶላ ተበድረን ወጥረን ልጅቷን ፎቶ አነሳናት፤ 600 በ600 አድርገን ቆረጥነው። ስሟን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። 1 ሰዓት ከ49 ላይ የማረጋገጫ ቁጥሩ መጣ። አትሜ ለእናትየው ሰጠኋቸው፤ አጥፈው አጥፈው በመቀነታቸው ቋጠሩት። እስከ 2 ሰዓት ድረስ በሩን በርግጄ ቆምኩ፤ ያ ሰው ግን አላለፈም። ካርቶኑ ላይ 1ን ሰርዤ 2 አደረግኋት፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም የማትጠቅም ብትሆንም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ውጤት ሲወጣ ልጅቷ አልደረሳትም። እናቷ ‹‹እሱስ የፈጣሪ ነው›› ብለው አቤቱታ አስጽፈው ሄዱ።

ጥበቃውን ያገኘሁት ቀደም ብሎ ነው። አንድ ጠዋት መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ ገባ። እኔ አወቅሁት፤ እሱ እኔን እንጃ። ሁለት ኮፒ አድርጌ ሰጠሁትና ገንዘቡን ሲዘረጋልኝ ‹‹ተወው›› አልኩት።

‹‹ምነው?›› አለኝ ገርሞት።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከውጭ የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል።

‹‹ዛሬ ልደታ ነው›› አልኩት።