ስድስት ምት ይበቃው ነበር

ስንት ዓመት አልፎ እንኳ ያቺ ሁለተኛ ምት ትዝ ስትለኝ ቆሽቴ ያራል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1999፣ ስኮትላንድ፣ ካርኑስቲ። ዣን ቫን ደ ቬልድ የሚባል ፈረንሳዊ ጎልፍ ተጫዋች የብሪቲሽ ኦፕንን ዋንጫ ለመሳም የቀረው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ተከታዮቹን በሦስት ምት ይመራል። የመጨረሻው፣ አሥራ ስምንተኛው ቀዳዳ፣ ፓሩ (ሊያልቅበት የሚጠበቀው የምት ብዛት) አራት ነው፤ እሱ ግን በስድስት ቢጨርሰውም ሻምፒዮን ነው። ስድስት!

ካርኑስቲ የባለጠጎች ክበብ አይደለም። በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ ከደንዲ ወጣ ብሎ የሚገኝ የሕዝብ ሜዳ ነው፤ ተራ አስይዞ የከፈለ ሁሉ ጎልፈኛው ቤን ሆጋን ይህንኑ ዋንጫ በ1953 ያሸነፈበትን ሣር ይረግጣል። ማንንም ግን አይምርም። በዚያ ሳምንት መጫወቻው ጠቦ፣ የዳር ሣሩ እንደ ልቡ አድጎ፣ የባሕሩ ነፋስ ተጨምሮበት፣ የአራቱ ቀን ድምሩ ከፓር በታች የሆነለት አንድም ተጫዋች አልተገኘም። የ19 ዓመቱ ሰርጂዮ ጋርሲያ በመጀመሪያው ቀን 89 መትቶ እናቱ እቅፍ ውስጥ አለቀሰ። በማጣሪያ የገባው ቫን ደ ቬልድ ግን ይህን ሜዳ ገርቶ፣ አምስት ምት እየመራ ወደ መጨረሻው ቀን ተሻገረ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ያልቻለ ሰው ቢሸነፍ ምን ይቆጫል?

ብዙ ሰው ጥፋቱን በመጀመሪያው ምት ያሳብባል፤ ለምን ኳስ እጅግ ሩቅ የሚልከውን ክለብ (መምቻ)፣ ድራይቨሩን አወጣ ይላል። እኔ አልስማማም። ኳሷ እጅግ ወደ ቀኝ መሄዷ እውነት ነው፤ ሆኖም ባሪ በርን የሚሉት ጅረት ተጠማዞ በሚያልፍበት ቦታ፣ ደረቅ መሬት ላይ አረፈች። ዕድል ራርታለት ነበር! ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነው፤ በአጭር ክለብ ከጅረቱ ወዲህ ማሳረፍ፣ በሦስተኛው ቀዳዳው ያለበት ግሪን ላይ ማውጣት፣ ሦስት ጊዜ ኳስ በሚያንከባልለው ክለብ፣ በፑተር ቢነካት እንኳ ያው ስድስት። እሱ ግን ሩቅ የሚመታውን ክለብ፣ ሁለት ቁጥር አይረኑን መዘዘ። ምነው አንድ ሰው እጁን በያዘው!

ኳሷ የተመልካቾቹን መቀመጫ ብረት መታች፤ ነጥራ የጅረቱን የድንጋይ ግንብ መታች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ጉልበት የሚደርስ ሣር ውስጥ ተሸጎጠች። ሦስተኛው ምት ውኃ ገባ። ያኔ ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ጅረቱ ውስጥ ወረደ። ክለቡን እንደያዘ ቆሞ ኳሷን ቁልቁል ያያታል፤ እሷ ደግሞ እየሰመጠች ትሄዳለች። አፉ ላይ የደረሰ ጉርሻ ሲወድቅበት ዓለም በቴሌቪዥን ያየዋል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ወጣ፤ አንድ ምት ተቀጣ። አምስተኛው አሸዋ ውስጥ ወደቀ። አብሮት የሚጫወተው ክሬግ ፓሪም እዚያው አሸዋ ውስጥ ነበርና ቀድሞ መታ፤ ቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ከተታት! ቫን ደ ቬልድ በስድስተኛው አወጣት፣ የቀረችውን ሁለት ሜትር ገደማ በፑተር ጨረሰ። ሰባት። ያን ሁሉ አሳልፎ ያቺን የመጨረሻ ምት አለመሳቱ ራሱ ወኔውን ያሳያል፤ ቁጭቴንም ያባብሰዋል።

በሰባቱ ከፖል ሎሪና ከጀስቲን ሌናርድ ጋር እኩል ሆነ፤ በአራቱ የመለያ ቀዳዳዎች ሎሪ አሸነፈ። ለሎሪም አዝናለሁ። ቀኑን በ10 ምት ተበልጦ ጀምሮ፣ 67 መትቶ፣ በመለያው የመጨረሻ ሁለት ቀዳዳዎች በርዲ (ከፓር አንድ ምት ያነሰ) አግኝቶ የወሰደው ዋንጫ የሚነሣው በሌላ ሰው ውድቀት ነው። ፈረንሳይም እስከዚያ ድረስ የነበራት የኦፕን አሸናፊ የ1907ቱ አርኖ ማሲ ብቻ ነበር፤ ያ ቀንም ሁለተኛ ሳይጨምርላት አለፈ።

ከወራት በኋላ ቫን ደ ቬልድ ለማስታወቂያ ቀረጻ ካርኑስቲ ተመለሰ። ያንኑ አሥራ ስምንተኛ ቀዳዳ ከመነሻው እስከ መድረሻው በፑተር ብቻ፣ ሌላ ክለብ ሳይነካ ተጫወተው። በሦስተኛ ሙከራው በስድስት ምት ጨረሰው።