አይዞሽ ባይ አያሳጣ



ሆስፒታል ውስጥ «አይዞሽ» እና «አይዞህ» የሚለውን ያህል የሚሰማ ቃል የለም። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትቀርብ ትለዋለች፤ የበሩ ጥበቃ ፔርሙዛችሁን እየፈተሸ ይለዋል፤ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ስማችሁን እንኳ ሳያውቅ ይለዋል። ልብ ብላችሁት ከሆነ፣ ይህ ቃል ብዙውን ጊዜ ሰው ለራሱ የሚለው አይደለም። ሌላ ሰው መጥቶ ሊለው ይገባል። ለዚህም ይመስለናል ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «አይዞሽ ባይ አያሳጣሽ» የሚሉት።

ዛሬ ልናካፍላችሁ የወደድነው ይህንኑ ነው። እኛ አራት እኅትማማቾችና ወንድማማቾች በ2017 ዓ.ም. ከግንቦት 14 ጀምሮ ለ19 ቀናት እናታችንን ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል አስታመናል። በነዚያ ቀናት ስለ ተስፋ የተማርነው ብዙ ነው። በተለይም ተስፋ በሽተኛው ብቻውን ጥርሱን ነክሶ የሚያመርተው ነገር እንዳልሆነ ተምረናል።

እማዬ ከአሥር ዓመት በላይ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ይህ በሽታ በእግር ላይ ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል የእግርን ነርቮች ያደነዝዛል፣ የደም ዝውውርንም ያዳክማል። ሰውየው ጠጠር ቢወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። የእማዬም ነገር የጀመረው ከአውራ ጣቷ ሥር ባለች ትንሽ ቁስል ነው። ሆስፒታል ስትገባ ኢንፌክሽኑ ወደ ላይ እየወጣ ነበር።

ከዚህ በፊት አንድ ነገር እንንገራችሁ። እማዬ የካዛንቺስ ሰው ናት። እዚያ ተድራለች፣ አራታችንንም እዚያ ወልዳለች፣ አባታችንን ከዚያ ሸኝታለች። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም ስም ነው ይባላል፤ እኛ ግን የምናውቃት በጎረቤቶቿ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሰፈሩ ሲነሣ፣ እማዬም ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋር አቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ሄደች። ሌሎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። አንዱ ኮንዶሚኒየም ተከራየ፣ ሌላው ልጁ ዘንድ ገባ፣ አንዳንዱም ክፍለ ሀገር ወርዷል። አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች በስልክ ብቻ የሚገናኙ ሆኑ።

ስለዚህ እማዬ ስትተኛ ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት «አሁን ማን ይጠይቀኛል? ሰዉ ሁሉ ሩቅ ነው» አለችን። ለኢትዮጵያዊት እናት ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሲታመሙ ጠይቃ፣ ሲወልዱ ገንፎ ይዛ ሄዳ፣ ሲሞቱ አልቅሳ የኖረች ሴት፣ ጠያቂ ማጣት ማለት ለእርሷ መረሳት ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን መምጣት ጀመሩ። ከገላን ጉራ የመጡት ሁለትና ሦስት ጊዜ ትራንስፖርት ቀይረው ነው። የዕድሯ ሰዎች የመጠየቂያው ሰዓት እስኪደርስ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆነች የድሮ ጎረቤታችን ከዑራኤል ቅዳሴ እንደወጣች በቀጥታ ትመጣለች። ስንወለድ ጀምራ የምታውቀን ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ የዐረፋ ዕለት፣ ቤቷ እንግዳ ሞልቶ ሳለ፣ ትኩስ መረቅ በፔርሙዝ ይዛ ደረሰች። የቤተ ክርስቲያናችን የቤት ለቤት ኅብረት አባላት በተራ ሌሊቱን ከእኛ ጋር ያድሩ ነበር፤ አንዱ ወለሉ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ሲተኛ ሌላው ግሉኮሱን ይጠብቃል።

ይህን ስናይ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ያለው ሽባ ሰው ትዝ አለን። እርሱን አራት ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ሕዝቡ በሩን ሲዘጋባቸውም ጣሪያውን ነድለው አወረዱት። ቃሉን ደግማችሁ አንብቡት። ጌታ ያየው የእነርሱን እምነት እንደሆነ ነው የተጻፈው። ሽባው በዚያች ሰዓት ምን ያህል እምነት እንደነበረው አልተነገረንም። ምናልባት ደክሞት ነበር፤ ምናልባትም «ተዉኝ፣ ወደ ቤት መልሱኝ» እያለ ይሆናል። የተሸከሙት ግን አልደከሙም። በጌታ ፊት እምነታቸው ለእርሱም ተቈጠረ። የታመመ ሰው በራሱ እግር መቆም ባይችል በሌሎች ትከሻ መምጣት ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን፣ ወገኖች፣ ጠያቂ ሁሉ ሸክም አያነሣም፤ ሸክም የሚጨምርም አለ። ሐኪሞቹ የእግሯ የፊት ክፍል ካልተቆረጠ ኢንፌክሽኑ ሕይወቷን ሊወስድ እንደሚችል በግልጽ ነገሩን። የስምምነት ቅጹ ቀረበ። በዚያው ቀን ከሌላ ስፍራ የመጣ አንድ አማኝ «እንዳትፈርሚ! ከፈረምሽ እምነትሽን ካድሽ ማለት ነው። ታምሜአለሁም አትበዪ» አላት። በቅንነት ያለው ይመስለናል። እማዬ ግን ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ሁለት ቀን ሙሉ አልፈረመችም፣ ምግብም አልቀመሰችም። ትኩሳቷ ይጨምር ነበር። ልጆቿ በኮሪደሩ ላይ ቆመን የምንለውን አጣን። በእናታችን ላይ መወሰን አይገባንም፤ ዝም ብለን ማየትም አልቻልንም።

በሁለተኛው ቀን ማምሻ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ መጡ። ያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ እንደተጻፈው ዘይት ቀብተው ጸለዩላት። ከዚያም ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና ሦስት ሰዎችን አስታወሷት። ንጉሡ ሕዝቅያስ እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ቃል ከገባለት በኋላ እንኳ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግበት ታዟል። አፍሮዲጡ ጌታን ሲያገለግል ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ጳውሎስም በእምነት ማነስ አልወቀሰውም፤ እንዲያውም እንዲያከብሩት አዘዘ። ጥሮፊሞስን ደግሞ ጳውሎስ ራሱ ታሞ ሳለ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል። «እኅቴ፣ ጌታ በተአምር ይፈውሳል፤ አይተናል። በሐኪም እጅም ይፈውሳል። በየትኛው እንደሚሠራ የምንመርጥለት እኛ አይደለንም» አሏት።

«ፈርሚ» ግን አላሏትም። «የምትፈሪው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት እንጂ። እስከዚያ ሰዓት ማናችንም ይህን አልጠየቅናትም ነበር፤ ሁላችንም የምናውቀው መስሎናል። እማዬ አለቀሰችና «ጣቶቼን አይደለም። ከእንግዲህ ሰው ሲሞትበት ለቅሶ ቤት እንዴት እደርሳለሁ? የታመመ እንዴት እጠይቃለሁ?» አለች።

ሙስሊም ጎረቤታችን በአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። «እስካሁን የደረስሽው ይበቃል። ከእንግዲህ እኛ እንመጣለን» አለቻት። በማግሥቱ ጠዋት እማዬ ፈረመች።

ለቀዶ ሕክምናው ደም ሊያስፈልግ እንደሚችል በተነገረን ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ደም ባንክ ሄደው ለገሱ። ደማቸው ለማን እንደደረሰ አናውቅም። ለእማዬ የተሰጣትን ደም የሰጠውንም ሰው አናውቀውም። ስሙን የማናውቀው አንድ የአገራችን ሰው ክንዱን ዘርግቶ ስለሰጠ እናታችን ዛሬ አለች። በሌላው ደም መኖር ምን እንደሆነ እኛ ክርስቲያኖች ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል።

በእማዬ አልጋ አጠገብ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት ተኝታ ነበር። ጠያቂ አልነበራትም። የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ይህን መጀመሪያ ያየችው እማዬ ናት። ከዚያ ወዲህ ለእርሷ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ልጅቱን «እግዚአብሔር ይማርሽ» ሳይል አይቀመጥም፤ አጥሚቱም ከሁለት ይከፈላል። እማዬ ራሷ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መቀመጥ እንደቻለች የልጅቱን ፀጉር ትሠራላት ጀመር። የእማዬ ፊት የበራው በዚያ ሳምንት ነው። አይዞሽ ተባይ ብቻ ሳትሆን አይዞሽ ባይ መሆኗን እግሯ እንዳልወሰደባት አወቀች። ልጅቱን በኋላ ወደ ሌላ ሆስፒታል አዛወሯት፤ የሰጠችን ስልክም አልሠራ አለ። በጸሎታችን እናስባታለን፤ እናንተም አስቧት።

ቂርቆስ ውስጥ ያሉ ሆስፒታሎችን ታሪክ ስናስብም ይህንኑ እናያለን። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ስም የተሰየመውን ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልን አቋቁማ ለብዙ ዘመን ያስተዳደረችው የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በደርግ ዘመን መንግሥት ወረሰው። ብዙ እናቶች የሚወልዱበት ጋንዲ መታሰቢያም በአንድ የሌላ አገር ሰው ስም ይጠራል። ዛሬ የምንተኛበትን አልጋ ከሩቅ የመጡ፣ እኛን የማያውቁን ሰዎችም አስበውበታል። በሽተኛን መጠየቅ የታመመው ዘመዳችን ስለሆነ ብቻ የምናደርገው አይደለም፤ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በታመመው ሰው ራሱን አስቀምጧልና።

ካየነው ተነሥተን ለጠያቂዎች ጥቂት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አስታማሚውን ጠይቁ። ለስኳር ሕመምተኛ ለስላሳና የታሸገ ጁስ ይዞ መሄድ ፍቅር ቢሆንም ይጎዳል። አንዳንዴ ከብርቱካን ይልቅ የሚያስፈልገው የታጠበ አንሶላ ወይም ለውጭ መድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ነው።

ሁለተኛ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ አልጋው ላይ አትቀመጡ፣ ብዙ አትቆዩ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መምጣት፣ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ «እገሌ በዚሁ በሽታ ሞተ» የሚል ወሬ በር ላይ ትታችሁ ግቡ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ያቈሰሉት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ አስታማሚውን አትርሱ። «ሂዱና ሻወር ውሰዱ፣ እኔ እዚህ ነኝ» ያለችን እኅት ከብዙ ስብከት ይልቅ አበርትታናለች።

አምስተኛ፣ ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁም ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኞች ከሆናችሁ ደም ስጡ። ዘመድ እስኪታመም አትጠብቁ።

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ማታ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እግራችሁን፣ በጣቶቻችሁም መካከል ጭምር፣ ተመልከቱ። ባዶ እግራችሁን አትሂዱ። ትንሽ ቁስል ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ መቅደስ ከሆነ እግራችንም የመቅደሱ አካል ነው።

አሁን ታማችሁ ተኝታችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ሁልጊዜ መሳቅና መበርታት አለብኝ ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። መዝሙረኛው ራሱ ነፍሱን ለምን ትተክዣለሽ ብሎ ጠይቋታል፤ ትካዜዋን አልካደም፤ ተስፋዋን ግን አሳያት። እንባችሁ ሲመጣ አልቅሱ። የሚሸከማችሁ ሲመጣ ደግሞ እሺ በሉ። እማዬ ዛሬ በክራንች ትሄዳለች፤ በሩቅ ያለ ለቅሶ ላይ መድረስ አትችልም፤ አንዳንድ ቀን ይከፋታል። ያን ቀን ስልኳን አንሥታ በገላን ጉራም በሌላውም ስፍራ ያሉ የታመሙ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ትደውልላቸዋለች።

በሕመም አልጋ ላይ ያላችሁትን ሁሉ ጌታ ይደግፋችሁ። ሐኪሞቻችሁንና ነርሶቻችሁን ጥበብና ትዕግሥት ይስጣቸው። አስታማሚዎቻችሁን ያበርታ። ጠያቂ፣ አይዞሽ ባይም አያሳጣችሁ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።