የአሠልጣኙ ሐኪም አሠልጣኝ

በጥቅምት ወር ታናሽ እህቴ እኔ ወደምኖርበት ሚዛን ተፈሪ መጥታ ሰንብታ ነበር። እህቴ ሐኪም ናት፤ አሁን በሌላ ከተማ በቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን በመሠልጠን ላይ ትገኛለች። ውድ አንባቢያት እንደምታውቁት የቤተሰብ ሐኪም ሕፃኑንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ አያቱንም የሚያክም፣ ቤተሰቡን ለዓመታት የሚከታተል ባለሙያ ነው። ሥልጠናው በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ገና ለጋ ነው።

ወቅቱ የቡና ለቀማ ነበር። አንድ ማለዳ ጎረቤቴ የመጨረሻ ልጃቸውን አዝለው፣ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ደጃችን ደረሱ። ልጁን ትኩሳት ከያዘው አራተኛ ቀኑ ነው።

«እስከ ዛሬ ለምን ወደ ጤና ጣቢያ አልወሰዱትም?» አለች እህቴ።

«ልጄ፣ የሚከፈለኝ በለቀምኩት ኪሎ ነው። የቀረሁበትን ቀን ማን ይከፍለኛል?»

ልጁ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ፤ ታክሞም ዳነ። ክረምቱ ሲወጣ ቡናውም ይቀላል፣ ወባውም ይበረታል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን መምጣታቸውን ማን እናት አታውቅም?

ማታ እህቴ «ለመመረቂያ ጥናቴ የሚሆን ጥያቄ ይህ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ያግድሻል?»

«እትዬ፣ የሚያሠለጥኑን ሐኪም በማከም ወደር የላቸውም። ነገር ግን ስንት ሰው ቢጠየቅ እንደሚበቃ፣ መልሱ እንዴት እንደሚተነተን እሳቸውንም ያስተማራቸው የለም። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ያያሉ። ‹ቀለል ያለ ርዕስ ፈልጊ› ይሉኛል።»

በሰውየው አልፈረድኩም። ያልተሰጣቸውን ከየት አምጥተው ይስጡ? ለአሠልጣኙ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከተረኛነት ነፃ ቢደረግለት፣ ስታትስቲክስ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ጥያቄው ሳይጠየቅ አይቀርም ነበር።

ምርምር ሲባል የውድ መሣሪያ ሥራ ብቻ ይመስለናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ያዩት ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ነው። የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድለው እንዶድ በሳይንስ የታወቀው ከዚያ ወዲያ ነው። (አጣቢዎቹን ግን ማን ያስታውሳቸዋል?) በእንግሊዝ አገር ዊሊያም ፒክልስ የተባሉ የገጠር ሐኪም ማን መቼ እንደታመመ፣ ከማን ጋር እንደተገናኘ እየመዘገቡ በ1939 እ.ኤ.አ. የታወቀ መጽሐፍ አሳትመዋል።

በኅዳር እህቴ ደወለች። አሠልጣኟና እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአንድ የስታትስቲክስ መምህር ዘንድ አብረው መማር ጀምረዋል፤ ሐኪሙም የራሳቸውን ደብተር ይዘው ይመጣሉ አሉ። «አንዲት እናት በቀን ስንት ኪሎ ትለቅማለች ብለው ጠየቁኝና አላወቅሁም» አለችኝ።

ጎረቤቴን ልጠይቅ ብሄድ በራቸው ተዘግቷል፤ ለቀማ ወጥተዋል።