የግድግዳው መዝገብ

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ በእንጨት ጫፍ ላይ ከተደፋ ጣሳ በቀር ሌላ ምልክት ያልነበረው አንድ ጠላ ቤት ነበር። ደንበኛው ሁሉ «እማማ ጋ» ይለዋል። በሩ እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ ገቢው ሁሉ እጅ የሚነሣ ይመስል ነበር። ጠላው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ያህል የሚያስመካ አልነበረም፤ ሰው የሚሄደው ለግድግዳው ነው።

ግድግዳው የዱቤ መዝገብ ነበር። እማማ ፊደል ስላልቆጠሩ ለየደንበኛው ሥዕል አውጥተውለታል፦ ለጡረተኛው መምህር መነጽር፣ ለአናጢው መዶሻ፣ ለእኔ፣ ከምን እንደተነሡ እንጃ፣ ጃንጥላ። ከየሥዕሉ ሥር የከሰል ጭረት ይደረደራል፤ አንድ ጭረት አንድ ጣሳ። የከፈለ ሰው ጭረቱን በገዛ እጁ ይደመስሳል። ማንም ያልከፈለውን ሲነካ አይቼ አላውቅም።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ መዝገቡም አብሮ ፈረሰ። እማማ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ጠፋ።

በቀደም መምህሩን አራት ኪሎ አገኘኋቸው። ሰባት ጭረት እንዳለባቸው ነገሩኝ፤ ሒሳቡን በመሐረብ ቋጥረው በደረት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። «አንተስ ስንት አለብህ?» አሉኝ።

«አራት» አልኳቸው።

መሐረቡን ፈትተው ዘረጉልኝ።