የወፍ በሽታ

ባለፈው ዓመት ደም የሚሰበስቡ ሰዎች በግቢያችን ድንኳን ተክለው በነበረ ጊዜ፥ እኔም ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ተሰልፌ ክንዴን ዘረጋሁ። እውነቱን ለመናገር፥ እዚያ ያቆመኝ የወገን ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ከደሙ በኋላ የሚታደለው ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ፥ ይልቁንም ከፊቴ ተሰልፋ የነበረችው የክፍላችን ልጅ ጭምር ነበሩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተጠርቼ ሄድሁ። በዕድሜ ጠና ያሉ አንዲት ነርስ በሩን ዘጉና፥ «ልጄ፥ አትደንግጥ፤ ደምህ ለሰው የሚሰጥ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኝቶበታል» አሉኝ።

አትደንግጥ የተባለ ሰው ሳይደነግጥ አይቀርም። እኔን ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ የአባቴ ትዝታ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የአባቴ ዓይን ቢጫ ሆነ፤ ቆየት ብሎም ሆዱ አበጠ፥ ሰውነቱ መነመነ። ጎረቤት ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ይሆናል» አለ። ቅጠል ተቀጥቅጦለት ጠጣ፥ ጠበል ተጠመቀ፤ ሐኪም ቤት የደረሰው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ የሚያውቁትን ሁሉ አድርገውለታል። ነገር ግን አባቴን የቀበርነው «የሌሊት ወፍ ገደለው» ብለን ነበር። እነሆ፥ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያችው ወፍ በእኔ ደም ውስጥ ተገኘች።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ስለ ጉበት የማውቀው ዱለት ውስጥ መኖሩን ብቻ ነበረ። ባለቅኔዎቻችን ኀዘንን ለአንጀት፥ ቂምን ለሆድ፥ ፍቅርን ለልብ አከፋፍለው ሲያበቁ ለጉበት ያስተረፉለት ነገር ያለ አይመስለኝም። እርሱም ቢሆን አይናገርም፤ ለዓመታት እየቆሰለ ዝም ይላል። ስለዚህ ከሕክምና ፋኩልቲ አንድ ጓደኛዬን ይዤ፥ «ጉበቴ ቢበላሽ ሌላ ይተከልልኛል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም በቃሉ በመመለስ ፈንታ መጻሕፍት አሸክሞ ሰደደኝ።

በአሜሪካ አገር በዴንቨር ከተማ ቶማስ ስታርዝል የሚባል ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ.፥ በእኛ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም.፥ የታመመ ሰው ጉበት አውጥቶ በምትኩ የሟች ሰው ጉበት ለመትከል ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከረ። በሽተኛው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረ፤ ደሙ አልቆም ብሎ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ሳይወርድ ሞተ። በዚያው ዓመት ከተሞከረላቸው ከሌሎቹም አንድ ወር የሞላው አልነበረም። ስታርዝል ሥራውን አቁሞ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰ። በ1967 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲጀምር አንዲት ሕፃን ከአንድ ዓመት በላይ ኖረችለት። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሮይ ካልን ተከተለው። ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ከበሽተኞቹ የሚበዙት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ሰውነት እንግዳውን ጉበት እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋልና።

መድኃኒቱ የተገኘው ከአፈር ነው ቢባል ማን ያምናል? ከኖርዌይ ተራራማ አገር በተወሰደ አፈር ውስጥ ከነበረ ሻጋታ ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት ወጣ፤ ይህም የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመትም የጉበት ንቅለ ተከላ ሙከራ መሆኑ ቀርቶ ሕክምና ነው ተብሎ በዚያ አገር በይፋ ታወቀ። ቀጥሎም ከጃፓን አፈር ታክሮሊመስ ተገኘ።

ለእኔ ግን ታሪኩ ሌላ ምዕራፍ ነበረው። የእኔን ዓይነት ቫይረስ የያዘ ሰው አዲስ ጉበት ቢተከልለት፥ በሰውነቱ የቀረው ቫይረስ አዲሱንም ጉበት ይይዘው ነበር። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን በሽተኛ ለመቀበል ያመነቱ ነበር። በ1990ዎቹ ግን የቫይረሱን መመለስ የሚከለክል ፀረ አካል በመርፌ መስጠት፥ ኋላም እንደ ላሚቩዲን ያሉ ክኒኖች መጥተው የተዘጋውን በር ከፈቱ።

ለትንሣኤ በዓል አገሬ ስገባ ነገሩን ለእናቴ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ጉበት ከፍለው ይተክላሉ ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ከእኔ ቆርጠው ይስጡህ» አለች። ይህ የእናት ሞኝነት አይደለም፤ ጉበት ተከፍሎ የቀረው እንደገና የሚያድግ ስለሆነ፥ ከ1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወላጆች ከጉበታቸው ከፍለው እየሰጡ ብዙ ሕፃናት ድነዋል። እኔ ግን ለጊዜው ጉበት እንደማያስፈልገኝ አስረድቼ፥ እርስዋንና ታናሽ እኅቴን ለምርመራ ወሰድኋቸው። የእናቴ ደም እንደ እኔው ሆነ። ሐኪሙ በሽታው በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ እንደሚችል ሲያስረዳ፥ እናቴ በነጠላዋ አፍዋን ይዛ፥ «ጉበቴን ልስጥህ ስል፥ ለካስ በሽታዬን ሰጥቼህ ነበር» አለች። ምን ብዬ ልመልስ? ከእርስዋ ይሁን፥ ወይም በልጅነቴ ከተላጨሁበት ምላጭ፥ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ይህንኑ ነገርኋት፤ ግን የሰማችኝ አይመስለኝም።

እኅቴ ግን ነጻ ሆና ተገኘች። በእርስዋና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት የዓመት ልዩነት ነው። ባሩክ ብሉምበርግ የሚባል አሜሪካዊ የዚህን ቫይረስ ምልክት በአንድ የአውስትራሊያ ጥንታዊ ነዋሪ ደም ውስጥ አግኝቶ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ክትባቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። በአገራችን ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የገባው በ2007 እ.ኤ.አ.፥ ማለት በ1999 ዓ.ም. ነው። እኔ የተወለድሁት በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፥ እኅቴ የተወለደችው በ2001 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ የቢላዋውን ታሪክና የመርፌውን ታሪክ ጐን ለጐን አድርጌ አሰብሁ። ሕፃን በእጁ ላይ ሞቶበት ከአራት ዓመት በኋላ እንደገና ቢላዋ ያነሣውን ሰው አደንቃለሁ። ነገር ግን ቢላዋው ለጥቂቶች ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ለጉበት ግን ወገኖቻችን ገንዘብ ተለምኖላቸው ባሕር ሲሻገሩ ሰምተናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ሄፓታይተስ ቢ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች 254 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ጉበት ከወዴት ይመጣል? መርፌው ግን ለሚወለደው ሁሉ ሊዳረስ ይችላል።

እኔ አሁን ደኅና ነኝ። በየስድስት ወሩ እመረመራለሁ፤ የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢመጣም ቫይረሱን የሚያስታግሥ ክኒን አለ። የጐዳኝ ከጉበቴ ይልቅ ዝምታዬ ነው። ለዶርም ጓደኞቼ ሳልናገር፥ ብርጭቆዬን ለይቼ፥ «ጠግቤአለሁ» እያልሁ ከገበታ ስርቅ ወራት አለፉ። ይህም አለማወቅ ነበር። በሽታው የሚተላለፈው በደም፥ በወሊድ፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በጋራ ምላጭ እንጂ፥ አብሮ በመብላትና በመጨባበጥ አይደለም። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለካስ ለእኔ ኖሯል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከመካከላችን ከ1999 ዓ.ም. በፊት የተወለድን ብዙ ነን። ተመርመሩ፤ ነጻ የሆነ ይከተብ፥ ያለበትም እንደ እኔ ይከታተል። ቤተሰባችሁ ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ካለ፥ ወፏን ትታችሁ ወደ ሐኪም ፈጥናችሁ ውሰዱት።

የዶርም ጓደኞቼም ይህን ገጽ ስታነብቡ ከገበታ የምርቅበትን ምክንያት ታውቃላችሁ። ዛሬ ማታ በትሪው ዙሪያ ቦታዬን ጠብቁልኝ።