አባቴ የተከለውን በገዛ እጄ አነቅሁት

ድሬዳዋን የኖረባት ያውቃታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጥላ የሌለው ቤት ምድጃ ነው። የኛ ቤት ጥላ ማንጎ ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ማንጎውን የተከለው እኔ ስወለድ ነውና «እኩያህ ነው» እያለ አሳደገኝ። ወንበሩም ከሥሩ ተነቅሎ አያውቅም።

እናላችሁ፣ ባለፈው ጥር ለሰርጌ ግቢው ይመር አልኩና እስከ ግንዱ ድረስ ሊሾ አስደረግሁት። ለድንኳኑ ያስቸገሩትን ቅርንጫፎችም በመጋዝ አስወረድሁ። አባዬ አየ፣ ምንም አላለም።

ሚያዝያ ላይ ቅጠሉ ከጫፍ ጀምሮ ይረግፍ ገባ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ነጩ ተባይ ነው፣ መድኃኒት እርጨው» አለኝ። እውነትም በ2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየ፣ ማንጎ የሚመጥ ነጭ ተባይ አለ። ቅጠሉን አገላብጠን ብናይ ግን አንድም ነጭ ነጥብ የለም። አባዬ ወንበሩን አንሥቶ ጎረቤት ጥላ ሥር መዋል ጀመረ። ያቺ ወንበር ከስድብ በላይ አመመችኝ።

በመጨረሻ የባለቤቴ አጎት መጡ። ዕድሜያቸውን በችግኝ ጣቢያ የጨረሱ ሰው ናቸው። ዛፉን ዞር ዞር ብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ በሽታ የለበትም፤ ባለቤቱ ነው በሽታው» አሉኝ። ምን ልመልስ?

ግንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ልጅ ሳለሁ ለእናቴ የልብስ ማስጫ ብዬ ያሰርሁት ሽቦ! ልጡ ሽቦውን ውጦ ከበላዩ እንደ ከንፈር አብጧል። ቅጠል የሚያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በልጡ በኩል ነው፤ ሽቦው መንገዱን ዘግቶ ሥሩን ያስርበዋል። ሊሾው ደግሞ አየርና ውሃ ከለከለው። ምግብ የሚለቅሙት ቀጫጭን ሥሮች እኮ ጥልቅ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከላይኛው አፈር ውስጥ ናቸው፣ ከጥላውም አልፈው ይሄዳሉ። ቅርንጫፉ ሲወርድ ፀሐይ አይቶ የማያውቀው ልጥ ተቃጥሎ ተሰነጠቀ።

ሽቦውን ከሚታየው ላይ ቆረጥነው፤ የተዋጠውን መጎልጎል ቁስል ማብዛት ነው ብለው ከለከሉኝ። ሊሾውን ዙሪያውን 2 ሜትር ያህል በዲጂኖ አነሣን፤ ወደ ሥሩ ስንጠጋ በእጃችን። ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዝን፣ ግንዱን ግን ሳይነካ አንድ ስንዝር ርቆ። የተጋለጠውን ግንድ ኖራ ቀባነው። ዩሪያ ልነሰንስ ስልማ ተቆጡኝ፤ የታመመን ሰው ጥሬ ሥጋ መጋበዝ ነው አሉ። ውሃውንም ቢሆን በየቀኑ አንድ ጆግ ግንዱ ላይ መድፋት ልፋት ብቻ ነው። ከጥላው ጠርዝ በታች፣ ቀስ እያለ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ቀን መተው፣ ከዚያ በፊት ግን አፈሩን በጣት ቆፈር አድርጎ ማየት።

የተቆረጠው ወገን አሁንም ደረቅ ነው። በሌላው በኩል ግን ቀይ ለጋ ቅጠል አውጥቷል። አባዬ ቀን ቀን ጎረቤት መዋሉን አልተወም። ጠዋት ጠዋት ግን ይወጣና አፈሩን በጣቱ ይነካል፤ ከደረቀ ባልዲውን በሬ ላይ አስቀምጦልኝ ይሄዳል።