ራጁን ማን ያነበዋል?

እኛ ኮልፌ ቀራኒዮ ያደግን የአንድ ቤት ልጆች ነን። እናታችን ለሁለት ወር ሳል አልለቅ ሲላቸው ወደ አንድ ሕክምና ቤት ወሰድናቸው። ራጅ ተነሡ፤ «ምንም የለም» ተባልን። አልሐምዱሊላህ ብለን ተመለስን። ሳሉ ግን ባሰባቸው። ያንኑ ፊልም ይዘን ሌላ ዘንድ ስንሄድ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ የራዲዮሎጂ ሐኪም መብራቱ ላይ ሰቀሉትና አጠገባቸው ለቆመው ተማሪ ሐኪም፣ «ከልብ ጥላ በስተጀርባ ተመልከት» አሉት። ነጣ ያለ ቦታ ነበር። እናታችን ተመርምረው፣ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ዳኑ።

ፊልሙ ያው ነው፤ የተለየው ያየው ዓይን ነው። እኛ ግን ስለ ሕክምና ስናወራ የምንቆጥረው መሣሪያ ነው።

ጀርመናዊው ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ ከአድዋ ዘመቻ የተመለሱ የጣልያን ቁስለኞች ኔፕልስ ላይ በዚሁ ጨረር ተመረመሩ። «ራጅ» የምንለውም ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ዛሬ ሲቲ ስካን ከአንድ በሽተኛ ብቻ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች ያወጣል። ታዲያ ለአንድ ፊልም የተበጀ አስተማሪነት ለዚህ ይበቃልን?

በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ስፔሻሊስቶች ይሠለጥናሉ። ታላቁ ሐኪም ሲያነብ ታናሹ አጠገቡ ቆሞ መማሩ ውለታው ብዙ ነው። ሆኖም ተማሪው የሚያየው የዕለቱን በሽተኛ ብቻ ከሆነ፣ ብርቅ የሆነውን በሽታ ሳያይ ሊመረቅ ይችላል። ምስሎች በኮምፒዩተር ተከማችተው፣ ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን አንብቦ ይጻፍ፤ ከዚያ ከመምህሩ ንባብ ጋር ያስተያየው። የቀዶ ሕክምናውና የላቦራቶሪው ውጤትም ተመልሶ ይድረሰው። ያመለጠውም ምልክት ያለ ሐፍረት ለሁሉም ትምህርት ይሁን።

ለሰፈራችን ሥልጠና ባዕድ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናን ለማስተማር ጭምር የተቋቋመ ነው፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሠልጣኞች መጥተውበታል።

ወላጆች ሆይ፣ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ስናዋጣ ሐኪሙን የሚያሠለጥነው ማን እንደሆነም እንጠይቅ። ሕክምና የምትማሩ እህቶቻችንም ይህን ሙያ አስቡበት፤ አልትራሳውንድ ለመነሣት ወንድ ሐኪም ፊት መቅረብ የሚከብዳቸው እናቶች ብዙ ናቸው።

ያ ተማሪ ሐኪም ዛሬ ራሱ አስተማሪ ሳይሆን አልቀረም። ከልብ ጥላ በስተጀርባ ማየትን ለሌሎችም ያስተላልፋል፣ ኢንሻአላህ።